ለተተረጐሙ የሶፍትዌር መመሪያዎች የሚሰጥ ስያሜ፤ የጅጅጋና የሰሜን ሶማሌ ከተሞች ጉዳይ

ለአንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የተጻፈ መመሪያ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች በተተረጐመ ጊዜ እያንዳንዱ ትርጕም ለብቻው ተጠቅልሎ የራሱ ስም ይሰጠዋል። ይህ ስም ለሰው ዐይን ከመጻፉ ይልቅ ለመሣሪያው ፍለጋ መጻፉ ያመዝናል፤ መሣሪያው የሚጠብቀውን ስም ካላገኘ፣ ትርጕሙ በእጁ ቢኖርም እንደሌለ ይቈጥረዋልና። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የስያሜው ልማድ እንዴት እንደሚሠራና በጅጅጋ፣ በቀብሪ በያህ፣ በአውበሬ፣ በቶጎ ውጫሌ፣ በሽንሌና በኤረር ለሚኖረው የሶማሊኛ አንባቢ በሥራ ላይ ሲውል የሚያስከትለውን ችግር ነው። ነገሩ የቴክኒክ ሰዎች ብቻ ጉዳይ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ በውስጡ ያለው ጥያቄ የቋንቋን ስም ከአገር ስም፣ የአገርን ስም ከክልል ስም፣ እነዚህንም ሁሉ ከፊደል ስም ለይቶ የማወቅ ጥያቄ ስለ ሆነ የቃላት አጥኚውንና የተርጓሚውን እጅ ይፈልጋል።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት ስለምንጠቀምባቸው ቃላት ጥቂት እንበል። «ጥቅል» ያልነው በአንድ ስም ተከማችቶ በአንድ ትእዛዝ የሚጫነውን የፋይሎች ስብስብ ነው። «መለያ» ያልነው ደግሞ ቋንቋን፣ አገርን ወይም ፊደልን ለማመልከት የሚጻፈውን አጭር የላቲን ፊደላት ምልክት ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እያንዳንዱን የላቲን ፊደል በእንግሊዝኛ ስሙ እየጠራን በግእዝ ፊደል ጽፈነዋል። ስለዚህ የሶማሊኛ መለያ «ኤስ-ኦ»፣ የአማርኛ «ኤ-ኤም»፣ የኦሮምኛ «ኦ-ኤም»፣ የትግርኛ «ቲ-አይ»፣ የዐፋርኛ «ኤ-ኤ» ይሆናል። «መመሪያ» የሚለውን ቃል ከ«እገዛ»ና ከ«እርዳታ» መርጠነዋል። ሁለቱ ቃላት በአማርኛ ፕሮግራሞች ውስጥ አንዱ በአንዱ ቦታ እየተተካ፣ በአንድ መሣሪያ ላይ እንኳ ሳይቀር፣ ለአንድ አዝራር ሲውሉ ይታያል፤ ይህን ማስማማት ግን የሌላ ጽሑፍ ሥራ ነው።

የስያሜው ሥርዐት ግልጽ ሆኖ የሚታየው በነፃ ሶፍትዌር ሥርጭቶች ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው ዴቢያን በዚህ ረገድ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። በዚያ የዩኒክስ መመሪያ ገጾች የፈረንሳይኛ ትርጕም «ማንፔጅስ» በሚለው ስም ላይ ሰረዝ ተጨምሮ «ኤፍ-አር» ተብሎ ይሰየማል፤ የጀርመንኛውም በተመሳሳይ መንገድ «ዲ-ኢ» ይቀጠልለታል። የሊብሬኦፊስ የአማርኛ ጥቅል ስም ሦስት ክፍሎች አሉት፤ መጀመሪያ የፕሮግራሙ ስም፣ ቀጥሎ «ኤል10ኤን» የሚል ምልክት፣ በመጨረሻ «ኤ-ኤም»። የመካከለኛው ምልክት «ሎካላይዜሽን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ምኅጻር ሲሆን፣ 10 ቍጥር በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፊደል መካከል የተዘለሉትን ዐሥር ፊደላት ይተካል። የኦሮምኛውም ጥቅል በዚሁ መልክ «ኦ-ኤም» ይዞ ተሰይሟል። እንግዲህ ደንቡ ከአጠቃላይ ወደ ልዩ የሚወርድ ነው፤ የሥራው ስም ይቀድማል፣ የሰነዱ ዐይነት ይከተላል፣ ቋንቋው ይዘጋል። ስሞቹ በፊደል ተራ በተደረደሩ ጊዜ የአንድ ሥራ ትርጕሞች ሁሉ ጎን ለጎን የሚሰለፉት በዚህ ምክንያት ነው። ቋንቋው ቢቀድም ኖሮ የሶማሊኛ ጥቅሎች ሁሉ ባንድነት ይሰበሰቡ ነበር፤ ይህም ለቋንቋው ተቈርቋሪ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፣ አንድን ፕሮግራም ለሚጠብቀው ባለሙያ ግን ሥራውን ይበትንበታል።

በዚህ ልማድ ውስጥ ሳይስተዋል የሚታለፍ አንድ ነገር አለ። የእንግሊዝኛው መመሪያ ምንም መለያ የለውም። «ማንፔጅስ» ብቻ ተብሎ ሲጠራ እንግሊዝኛ ማለት ነው፤ መለያ የሚሸከሙት ሌሎቹ ናቸው። እኛም በአገራችን ሰነድ በአማርኛ ጽፈን ወደ ሶማሊኛ ስናስተረጕም ይኸው ልማድ ሊጋባብን ይችላል፤ የአማርኛው ሰነድ «መመሪያ»፣ የሶማሊኛው «መመሪያ-ሶማሊኛ» እየተባለ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ ሶማሊኛን ከኦሮምኛ፣ ከትግርኛና ከዐፋርኛ ጋር በፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋነት ደረጃ አስቀምጦታል። እንግዲህ አንዱ የሥራ ቋንቋ ያለ ምልክት፣ ሌላው ምልክት ተሸክሞ የሚዘረዘርበት የስም ማኅደር ከዚህ ጋር አይስማማም። በበኩላችን መለያ ለሁሉም ይሰጥ፣ የመጀመሪያውም ጽሑፍ ቢሆን ቋንቋው ይጻፍ እንላለን። ሁለት ፊደል መጨመር የሚያስወጣው ድካም የለም።

የጥቅል ስም ሊጻፍባቸው የሚችሉት ምልክቶች ውሱን ናቸው። በዴቢያን ደንብ የተፈቀዱት ትንንሾቹ የላቲን ፊደላት፣ ቍጥሮች፣ የመደመር ምልክት፣ ሰረዝና ነጥብ ብቻ ናቸው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ገብቶ በማናቸውም መሣሪያ ሊጻፍ የሚችል ቢሆንም፣ በዚህ በር አያልፍም። አንዳንዶች በዚህ ቅር ተሰኝተው የጥቅሉን ስም በአማርኛ አንብበው በላቲን ፊደል ሊገለብጡት ይሞክራሉ። ውጤቱ የከፋ ነው። የጅጅጋን ስም ብቻ ብንወስድ በሶማሊኛ አጻጻፍ ሁለት «ጂ» አለበት፤ በተለመደው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ አንዱ ቀርቷል፤ በቆዩ የጣሊያን ካርታዎች ላይ ደግሞ በሌላ መልክ ይገኛል፤ በአማርኛም «ጅጅጋ»፣ «ጅግጅጋ»፣ «ጂጂጋ» እየተባለ ይጻፋል። ፈላጊው ከነዚህ የትኛውን እንደሚጽፍ ማንም ሊተነብይ አይችልም። ስለዚህ የጥቅሉ ስም ደረቅ ቍልፍ ሆኖ ይቅር፤ የፕሮግራሙ የመጀመሪያ ስምና መለያው ይበቃዋል። በየቋንቋው፣ በየፊደሉ፣ በሙሉ ማዕርጉ ሊጻፍ የሚገባው አርእስቱና መግለጫው ነው፤ እነዚህ የሚገቡበት መስክ የግእዝንም ሆነ ሌላ ፊደል ያለ ገደብ ይቀበላልና።

አሁን ወደ መለያዎቹ እንመለስ፤ የነገሩ ዕንብርት ያለው እዚህ ላይ ነው። የቋንቋ መለያዎች፣ የአገር መለያዎችና የክልል መለያዎች በሦስት የተለያዩ ዝርዝሮች የወጡ ናቸው፤ ሦስቱም ግን አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ፊደላት የሚጻፉ ስለ ሆነ ይደበላለቃሉ። «ኤስ-ኦ» በትንንሽ ፊደላት ሲጻፍ የሶማሊኛ ቋንቋ ነው። በትልልቅ ፊደላት ሲጻፍ የሶማሊያ አገር ነው። ከኢትዮጵያ መለያ ከ«ኢ-ቲ» ቀጥሎ ሲመጣ ደግሞ የሶማሌ ክልል ነው። ሦስት ነገሮች በአንድ ስም ተጠርተዋል ማለት ነው። የጥቅል ስም ትልልቅ ፊደላትን ስለማይቀበል ልዩነቱን የሚጠብቅልን የፊደሉ መጠን አይደለም፤ የተጻፈበት ቦታ ብቻ ነው።

ይህ ሦስትነት ያልተጠነቀቀውን ሰው ወደ ስሕተት የሚመራው እንደሚከተለው ነው። አንድ ባለሙያ ለየክልሉ የሚላክ መመሪያ ሊያዘጋጅ ተነሥቶ የክልሎቹን መለያ እንደ ቋንቋ መለያ ቢጠቀምበት፣ በመጀመሪያ የሚያገኛቸው ሦስቱ ይሠሩለታል። የሶማሌ ክልል «ኤስ-ኦ» ከሶማሊኛ ጋር ይገጥማል፤ የአማራ ክልል «ኤ-ኤም» ከአማርኛ ጋር ይገጥማል፤ የትግራይ «ቲ-አይ» ከትግርኛ ጋር ይገጥማል። በዚህ ተማምኖ ከቀጠለ ግን የዐፋር ክልል «ኤ-ኤፍ» ነውና የዐፋርኛው መመሪያ በደቡብ አፍሪካው አፍሪካንስ ስም ይገባል። የኦሮሚያ «ኦ-አር» በሕንድ አገር የሚነገረው የኦዲያ ቋንቋ መለያ ነው። የሐረሪ «ኤች-ኤ» የሐውሳ ነው። የአዲስ አበባ «ኤ-ኤ» ደግሞ፣ የሚያስገርመው ይህ ነው፣ የዐፋርኛ ቋንቋ ትክክለኛ መለያ ነው። አገሪቱ ራሷ የምትጠራበት «ኢ-ቲ» በቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ ኢስቶንያኛ ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ መለያ ብቻ የተሰየመ ማኅደር የተጫነበት መሣሪያ የባልቲክ ባሕር አገር ሰነድ አገኘሁ ይላል።

ለሶማሊኛ ደግሞ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ቋንቋው በተናጋሪዎቹ ዘንድ «አፍ ሶማሊ» ይባላል፤ «አፍ» በሶማሊኛም እንደ አማርኛው አፍ ማለት ሲሆን ቋንቋንም ይገልጻል፤ የኦሮምኛውም «አፋን» ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። ይህን ስም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ያሳጠረ ሰው አሁንም «ኤ-ኤፍ» ላይ፣ ማለትም አፍሪካንስ ላይ ይወድቃል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ በቋንቋው መለያ ላይ የአገሩ ይጨመር ወይስ አይጨመር የሚል ነው። በዩኒክስ ወገን ስርዐቶች ውስጥ ለሶማሊኛ አራት የአካባቢ ቅንብሮች ተዘጋጅተዋል፤ የኢትዮጵያ፣ የሶማሊያ፣ የጅቡቲና የኬንያ። በጅጅጋ የሚሠራ ተርጓሚ ሥራውን በኢትዮጵያው ቅንብር ስም ቢሰይም ተገቢ መስሎ ይታየዋል፤ የሚኖረው በኢትዮጵያ ነውና። ነገር ግን የመሣሪያው ፍለጋ የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ብቻ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ከልዩ ወደ አጠቃላይ ይወርዳል እንጂ ከአጠቃላይ ወደ ልዩ አይወጣም፤ ከአንዱ ልዩ ወደ ሌላው ልዩም አይሻገርም። ቅንብሩ የኢትዮጵያ ሶማሊኛ የሆነ መሣሪያ መጀመሪያ በዚያ ስም ይፈልጋል፤ ካጣ «ኤስ-ኦ» ብቻ የሚለውን ይመለከታል፤ ያንንም ካጣ ወደ እንግሊዝኛው ይመለሳል። ቅንብሩ የሶማሊያ ወይም የጅቡቲ የሆነ መሣሪያ ግን በኢትዮጵያ ስም የተቀመጠውን ትርጕም ከቶ አያየውም።

ይህ በወረቀት ላይ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በቶጎ ውጫሌ ግን ትንሽ አይደለም። ከተማዪቱ በድንበሩ በሁለቱም ወገን የተዘረጋች ናት። የዓለም አቀፉ የአገሮች መለያ ዝርዝር ለሶማሊላንድ ለብቻው የሰጠው መለያ ስለሌለ፣ በዚያ ወገን የተዘጋጀ መሣሪያ የሶማሊያን ቅንብር ይዞ ይመጣል፤ ከዚያም በንግድ እጅ ወደዚህ ይሻገራል። እንዲሁም በደወሌ በኩል በባቡሩ መስመር ከጅቡቲ የሚገባው መሣሪያ የጅቡቲውን ይዞ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ያለው አንድ የሶማሊኛ ትርጕም ብቻ ሲሆን፣ ያ ትርጕም ያለ አገር መለያ «ኤስ-ኦ» ተብሎ ይሰየም። በጅጅጋ መሠራቱ በመግለጫው ውስጥ ይጻፍለት እንጂ በስሙ ውስጥ አይታሰር።

የአገሩ መለያ ቦታ የሚኖረው ይዘቱ በእውነት በተለየ ጊዜ ነው፤ የሚለይበትም ቦታ በርግጥ አለ። በሶማሊያ «ጎቦል» የሚባለው ሰፊ የአስተዳደር ክፍል ሲሆን፣ በጅጅጋ አነጋገር ግን «ጎቦል» ዞን ነው፤ ክልሉ ራሱ «ዶውላድ ዴጋንካ ሶማሊዳ» ይባላል፤ ወረዳውም «ዴግሞ» ነው። እንግዲህ የአድራሻ ቅጽ አሞላል የሚያስተምር መመሪያ «ጎቦልዎን ይጻፉ» ቢል፣ በሞቃዲሾ የተጻፈውን ያነበበ የፋፈን ዞን ነዋሪ ክልሉን ይጻፍ ዞኑን አያውቅም። ገንዘቡም ብር ነው እንጂ ሽልንግ አይደለም፤ የዘመን አቈጣጠሩም የራሱ ጥንቃቄ ይሻል። እንዲህ ያሉት ገጾች፣ እነርሱም ብቻ፣ በኢትዮጵያ መለያ ለብቻቸው ይጠቅለሉ። የቀረውን መሣሪያው ራሱ ከአጠቃላዩ ሶማሊኛ ይሞላዋል፤ አንድ ገጽ በልዩው ማኅደር ከሌለ ወደ አጠቃላዩ ይሄዳልና። በዚህ መንገድ ተርጓሚው ሁለት መቶ ገጽ ሁለት ጊዜ ከመጠበቅ ይድናል።

ስለ ፊደል የሚነሣው ጥያቄ ከዚህ የበለጠ ታሪክ አለው። በሶማሊያ የላቲኑ አጻጻፍ ለሶማሊኛ በይፋ የታወጀው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1972 ነው። ከዚያ በፊት ቋንቋው በዐረብኛ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ ዑስማን ዩሱፍ ኬናዲድ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ፊደልም ነበር፤ ከአውበሬ ብዙም በማይርቀው በቦረማ ደግሞ ሸኽ አብዱራሕማን ሸኽ ኑር በ1933 የራሳቸውን ፊደል አውጥተዋል። በኢትዮጵያ በኩል በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ካስተማረባቸው ዐሥራ አምስት ቋንቋዎች ሶማሊኛ አንዱ ሲሆን፣ የማስተማሪያ መጻሕፍቱ የታተሙት በግእዝ ፊደል ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በክልሉ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች የሚሠራበት የላቲኑ ሆኗል።

የዓለም አቀፉ የመለያዎች መዝገብ ይህን በማሰብ፣ ፊደሉ ካልተጠቀሰ ሶማሊኛ በላቲን፣ አማርኛም በግእዝ እንደ ተጻፈ ይቈጠር ይላል። ስለዚህ ዛሬ ለሚዘጋጅ የሶማሊኛ መመሪያ የፊደል መለያ መጨመር ትርፍ ነው። በተቃራኒው የዘመቻው ዘመን መጻሕፍት በኮምፒዩተር ተለቅመው ለንባብ በሚቀርቡበት ጊዜ የግእዝ ፊደል መለያ የግድ ያስፈልጋቸዋል። ያለዚያ «ኤስ-ኦ» በሚለው ስም ከዛሬዎቹ ጋር ተቀላቅለው የላቲን ፊደል ለሚጠብቅ አንባቢ ይቀርባሉ፤ የንባብ ፕሮግራሙም፣ የፊደል ግድፈት ማረሚያውም ይሳሳታሉ። ሰርብያኛ በሁለት ፊደላት ስለሚጻፍ ይህንኑ መንገድ ተከትሎ የላቲኑን ጽሑፍ በተለየ ምልክት ይለያል። ግእዝም በዚያው የቅንብር ዝርዝር ውስጥ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ የተለመደውን የሀለሐመ ተራ የሚከተል፣ ሌላው በአበገደ የተለየ። ከአንድ ቋንቋ ሁለት የፊደል ተራ ማክበር ከተቻለ ሁለት ፊደል ማክበር አይከብድም።

እግረ መንገዳችንን፣ ሶማሊኛን በግእዝ ፊደል መጻፍ ለአማርኛ ተርጓሚ የሚያስታውሰው ነገር አለ። በአማርኛ ንባብ ከ«ሀ» ያልተለየው «ሐ»ና ከ«አ» ያልተለየው «ዐ» በሶማሊኛ ሕያዋን ድምፆች ናቸው። በሶማሊኛ የላቲን አጻጻፍ «ሐ» በ«ኤክስ»፣ «ዐ» ደግሞ በ«ሲ» ይጻፋል። «ሔር» ማለት ልማዳዊ ሕግ ነው፤ «ሄር» ማለት ደረጃ ነው። የመመሪያ አርእስት ወደ አማርኛ የሚገለብጥ ጸሓፊ ሁለቱን አንድ አድርጎ ቢጽፍ «የሕግ ማውጫ» እና «የደረጃ ማውጫ» በአንድ ስም ይደረደራሉ። ቀብሪ በያህም በሶማሊኛ የሚያልቀው በ«ኤክስ» ስለ ሆነ በጥንቃቄ «በያሕ» ተብሎ ቢጻፍ ይሻል ነበር፤ የተለመደውን መለወጥ ግን የካርታ ሠሪዎች ሥራ ነው። በፋይል ስም ላይ የሚያስቸግረው ሌላው የሶማሊኛ ምልክት ጭረቱ ነው። የጥያቄና መልስ ሰነድ ለመሰየም ማንም ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ቃል «ሱኣል»፣ ጥያቄ፣ ነው፤ በመካከሉ ያለው የጉሮሮ ድምፅ ደግሞ በነጠላ የጥቅስ ምልክት ይጻፋል። ይህ ምልክት በትእዛዝ መስመር ላይ የጥቅስ መክፈቻ ሆኖ ስለሚነበብ፣ መሣሪያው መዝጊያውን እየጠበቀ ይቆማል። ስለዚህ ምልክቱ በአርእስቱ ላይ ይጻፍ፤ ከፋይሉ ስም ግን ይውጣ።

በመጨረሻ የሚቀረው፣ የሶማሊኛው ትርጕም ሳይሟላ ሲቀር አንባቢው ወደ የትኛው ቋንቋ ይላክ የሚለው ነው። የጂኤንዩ ስርዐት ቋንቋዎችን በቅደም ተከተል፣ በሁለት ነጥብ እየለዩ መዘርዘርን ይፈቅዳል። በጅጅጋ መሥሪያ ቤት የተቀመጠ መሣሪያ ሶማሊኛን፣ ከዚያ አማርኛን፣ ከዚያ እንግሊዝኛን እንዲከተል ሊደረግ ይችላል። በባቢሌ በኩል ከሶማሊኛ ቀጥሎ ኦሮምኛን፣ በሲቲ ዞን ከዐፋር አዋሳኝ ባሉት ቦታዎች ዐፋርኛን ማስቀደም የሚፈልግ ይኖራል። ይህ ዝርዝር በመሣሪያው ባለቤት እጅ ያለ ነውና በጥቅል ስም አስቀድሞ ሊወሰንለት አይገባም። ሐረሪኛ በሁለት ፊደላት የሚጻፍ መለያ ስለሌለው በሦስት ፊደላት «ኤች-ኤ-አር» ተብሎ ይጠራል፤ ሁለት ፊደል ብቻ የሚጠብቅ ፕሮግራም የሠራ ሰው ሐረሪኛን፣ ሲዳምኛንና ወላይትኛን በር ላይ ትቷቸዋል ማለት ነው።

እነዚህን ስሞች ከመጀመሪያው በትክክል መስጠት የሚያስፈልገው በኋላ ማረሙ ስለሚያዳግት ነው። የዕብራይስጥ መለያ እ.ኤ.አ. በ1989 ከ«አይ-ደብሊው» ወደ «ኤች-ኢ» ተለወጠ፤ የኢንዶኔዥያና የዪዲሽ መለያዎችም በዚያው ጊዜ ተለወጡ። ጃቫ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ግን በአሮጌው ስም የተቀመጡት ፋይሎች እንዳይጠፉ ሲል አሮጌዎቹን መለያዎች ይዞ ቆይቶ፣ አዲሶቹን በመደበኛነት የተቀበለው በ2021 ነው።